ስናፕሲድ የጨለመን ፎቶ ምን ያህል ያድናል?

ስናፕሲድ በብዙዎቻችን ስልክ ላይ የተጫነ፣ ነገር ግን አብዛኞቻችን ከላይ ከላዩ ብቻ የምንነካካው የፎቶ ማስተካከያ ነው። በዚህ ግምገማ የማየው በአንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ብርሃን አንሶት ጨልሞ የወጣን ፎቶ ምን ያህል መመለስ ይችላል፣ አቅሙስ የት ላይ ያልቃል? ጽሑፍ መጨመሪያውን፣ ክፈፎቹንና ዝግጁ ማሳመሪያዎቹን አልነካቸውም። ለመፈተኛ የወሰድኳቸው ፎቶዎች በሙሉ በሰሜን ሸዋ የተነሡ ናቸው፤ ይህንም ያደረግኩት የምኖርበት አካባቢ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን የዚህ አገር ብርሃን ካሜራን የሚያሳስት ዓይነት ስለሆነ ነው።

የመንዝ የድንጋይ ቤት ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ ጠባብ፣ ጣሪያው በምድጃ ጭስ የጠቆረ ነው፤ በበሩ የሚገባውን የቀትር ብርሃንና በጓዳ በኩል ያለውን ጽልመት በአንድ ፎቶ አስማምቶ መያዝ ለየትኛውም ካሜራ ይከብዳል። ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለው የጓሳ አምባ፣ በገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ የሚያነሣ ሰው ከእንስሳው ጀርባ የሚያገኘው ወለል ያለ ሰማይ ነው። በጣርማ በር የሚተኛው ጉምም ነጭ በመሆኑ ካሜራውን ያታልለዋል። ችግሩ ከሁሉ የሚበረታው ግን በበዓልና በሠርግ ላይ ነው፤ ምክንያቱም የምንለብሰው ነጭ ነው። ካሜራ በመሠረቱ ፊት ለፊቱ ያለው ነገር ምን እንደሆነ ሳያውቅ፣ በአማካይ 18 በመቶ ያህል ብርሃን የሚመልስ ግራጫ ነገር ነው ብሎ ገምቶ ይለካል። ነጠላ የለበሰ ሕዝብ ሲያይ ብርሃኑ የበዛ ይመስለውና ይቀንሳል፤ በዚህም ነጠላው ወደ ግራጫ፣ የሰዎቹ ፊት ደግሞ ወደ ጥላሸት ይወርዳል። አዳዲስ ስልኮች ፊትን ለይተው ይህን ለማካካስ ቢሞክሩም፣ ሕዝቡ በዝቶ እያንዳንዱ ፊት በፎቶው ላይ ትንሽ ሲሆን ሙከራቸው ብዙም አይሳካም።

መተግበሪያውን መጀመሪያ የሠራው ኒክ ሶፍትዌር የተባለ ድርጅት ሲሆን፣ የወጣውም እ.ኤ.አ. በ2011 ለአይፓድ ነበር። በ2012 ጉግል ድርጅቱን ገዛውና በዚያው ዓመት መጨረሻ ለአንድሮይድ ስልኮች የሚሆነውን ስሪት አወጣ። ክፍያ የለውም፤ ማስታወቂያም አያስገባም። ከዚህ በኋላ የምጽፈው ሁሉ በአንድሮይድ ስልክ ላይ ያየሁትን የሚመለከት ነው። አንዴ ከተጫነ በኋላ ለሥራው ኢንተርኔት አለመፈለጉን በቀላሉ የማላልፈው ጥቅም አድርጌ እቆጥረዋለሁ፤ ዳታ በሚያስወድድበት፣ ኔትወርክም ከተማ በተለቀቀ ቁጥር በሚቆራረጥበት አገር፣ ፎቶን ወደ ሌላ አገር ኮምፒውተር ልኮ የሚያስተካክል መተግበሪያ ለእኛ እምብዛም አይሆንም። የአዝራሮቹን ስም እንደሚነበቡ ስለምጽፋቸው አንባቢው ስክሪኑ ላይ በቀላሉ ያገኛቸዋል።

የትኛውም ማስተካከያ የሚያደርገው ካሜራው የመዘገበውን ትንሽ ብርሃን በቁጥር ማብዛት ነው፤ ሲያበዛ ግን አብሮት ያለውን ኖይዝ፣ ማለትም ምስሉ ላይ የሚበተነውን የዘፈቀደ ፍንጥርጣሪም ያበዛዋል። ፎቶ አንሺዎች ብርሃንን በስቶፕ ይቆጥራሉ፤ አንድ ስቶፕ መጨለም ማለት የብርሃኑ ግማሽ መቅረቱ፣ ሁለት ስቶፕ ሩቡ ብቻ መግባቱ፣ ሦስት ስቶፕ ደግሞ አንድ ስምንተኛው ብቻ መግባቱ ነው። ብርሃን ወደ ሴንሰሩ (ብርሃኑን ወደሚመዘግበው የካሜራው ክፍል) የሚገባው እየተራራቀና እየተቀራረበ በዘፈቀደ በሚመጣ ቅንጣት ስለሆነ፣ መጠኑ ወደ ሩብ ሲወርድ ምስሉ ከኖይዙ ጎልቶ የሚታይበት አቅም ወደ ግማሽ ይወርዳል። ለዚህ ነው ሁለት ስቶፕ የጨለመ ፎቶ ብርሃኑ ሲነሣ እህል እንደተበተነበት ሆኖ የሚታየው።

ሁለተኛው ጉዳይ የፋይሉ ዓይነት ነው። ስልካችን በልማድ የሚያስቀምጠው ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም ያለው 256 የብርሃን ደረጃ ብቻ ነው፤ ከዚያም ላይ ፋይሉን ለማሳነስ ሲል በጥላው ውስጥ ያለውን ረቂቅ ልዩነት ይጥለዋል። ሮው የሚባለው ያልታሸ ፋይል በ12 ቢት 4,096፣ በ14 ቢት ደግሞ 16,384 ደረጃ ይይዛል። ጨለማው ሲነሣ ከጄፔጉ የሚወጣው በትንንሽ አራት ማዕዘን የተከፋፈለ ጭቃማ ቀለም ሲሆን፣ ከሮው የሚወጣው ኖይዝ ቢኖርበትም ልብሱ ልብስ፣ ፀጉሩም ፀጉር እንደሆነ የሚቆይ ነው። አንድ ፎቶ ይድናል ወይስ አይድንም የሚለው ጥያቄ አብዛኛው መልሱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የመተግበሪያው ብልሃት ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

የመጀመሪያው መፈተኛ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ባለ የዘመድ ቤት ውስጥ በስልክ የተነሣ የጄፔግ ፎቶ ነው። የእናቴ አጎት በመደቡ ላይ ከዘራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ ጥቁር በርኖስ ደርበዋል። በግራቸው በሩ ክፍት ስለሆነ ካሜራው የለካው ደጁን ነው፤ እሳቸው በርኖሱና የቤቱ ጨለማ አንድ ሆነውባቸው፣ ከፊታቸው የሚታየው በበሩ በኩል ያለው ጉንጫቸውና የአፍንጫቸው ጠርዝ ብቻ ነበር።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የሚያደርገው ቲዩን ኢሜጅ ውስጥ ገብቶ ብራይትነስ የሚለውን መግፋት ነው። እኔም ለማየት ያህል እስከ 60 ገፋሁት። በርኖሱ አመድ መሰለ፣ የበሩ ብርሃን የመቃኑን እንጨት እስኪበላ ድረስ ነጣ፣ ቤቱ ውስጥ የሌለ ጭስ ገባበት። ብራይትነስ ጨለማውንም ደጁንም አብሮ ስለሚያነሣ ጥቁር የሆነ ነገር የግድ ጥቁር ሆኖ መቆየት እንዳለበት አያውቅም፤ ዓይናችን ግን የቀረውን ብርሃን የሚያምነው በፎቶው ውስጥ አንድ እውነተኛ ጥቁር ሲያገኝ ነው። ስለዚህ መለስኩትና ጥላውን የሚያነሣውን ሻዶውስ 45፣ የደመቀውን የሚገዛውን ሃይላይትስ ከዜሮ በታች 30፣ የብርሃኑን አጠቃላይ ሚዛን የሚነካውን አምቢያንስ 10 አደረግኩ፤ ብራይትነስን አልነካሁትም። በሩ ተረጋጋ፣ የመደቡ ጠርዝና የተነጠፈው ባና ታዩ፣ በርኖሱ ግን እንደ ጠቆረ ቆየ።

ፊታቸው አሁንም ጨለማ ነበር። እዚህ ላይ ስናፕሲድ ከብዙ ነጻ መተግበሪያዎች የሚለይበት ሰሌክቲቭ የተባለው መሣሪያ ይመጣል። ጥላ በዋጠው ጉንጭ ላይ በጣት ነክቼ ነጥብ አስቀመጥኩ፤ ከዚያም ሁለት ጣት አራርቄና አቀራርቤ ክቡን ከግንባራቸው እስከ አገጫቸው ብቻ እንዲሆን አጠበብኩት። ክቡን ስናስተካክል የሚነካው ቦታ በቀይ ቀለም ስለሚታይ ግምት አያስፈልግም። የመሣሪያው ትልቁ ጥበብ በክቡ ውስጥ ያለውን ሁሉ አለማንሣቱ ነው፤ ነጥቡ ያረፈበትን ቀለም የሚመስለውን ብቻ ለይቶ ያነሣል፤ ስለዚህ የፊታቸው ቆዳ ሲደምቅ ከኋላ ያለው ጥቀርሻ የለበሰ ግድግዳ ከነጨለማው ቀረ። ብራይትነሱን በነጥቡ ላይ 35 ሳደርስ በዓይናቸው ግርጌ ያለው ሽብሽብ፣ የጢማቸው ሽበት፣ የበርኖሱ አንገት ላይ ያለው ስፌት ሳይቀር ወጣ። በመጨረሻ ዋይት ባላንስ ገብቼ ከምድጃው የመጣውን ብርቱካናማ ጥቂት ቀነስኩለት፤ ሙሉ በሙሉ ግን አላጠፋሁትም፤ እሳት ያለበት ቤት የእሳት ቀለም ሊኖረው ይገባል።

ይህ ሁሉ የወሰደው ጊዜ ቡና ከሚፈላበት ያነሰ ነው፤ በስልክ ስክሪን ልክ ሲታይም ፎቶው ድኗል ማለት ይቻላል። አስፍቶ ለሚያይ ሰው ግን በበርኖሱ እጥፋት ውስጥ አረንጓዴና ወይን ጠጅ የሆኑ ፍንጥርጣሪዎች አሉ። ስናፕሲድ እነዚህን የሚያጠፋ የኖይዝ መቀነሻ የለውም። የዚህ ግምገማ ዋነኛ ቅሬታዬም ይኸው ነው፤ ጥላን ለማንሣት ይህን የመሰለ መሣሪያ የሠራ ድርጅት፣ ጥላ ሲነሣ የግድ የሚመጣውን ኖይዝ ማከሚያ አለማስቀመጡ አይገባኝም። ዲቴይልስ በሚለው ውስጥ ያሉት ስትራክቸርና ሻርፐኒንግ ኖይዙን ያጎሉታል እንጂ አይቀንሱትም፤ በተነሣ ጥላ ላይ ፈጽሞ እንዳትነኳቸው። በቀለም መፍትሔ ሲጠፋ የሚያወጣው መንገድ ብላክ ኤንድ ዋይት ነው፤ ፎቶው ጥቁርና ነጭ ሲሆን የቀለም ፍንጥርጣሪው ሁሉ ወደ ተራ ግራጫ ይለወጥና የድሮ ፊልም ዓይነት ሸካራነት ይሆናል። የበርኖሱ ፎቶ እንዲያውም በጥቁርና ነጭ ይበልጥ አምሮበታል፤ ለቤተሰቡ የሰጠሁትም እሱን ነው።

ሁለተኛው መፈተኛ በደብረ ብርሃን በከተራ ዕለት፣ ጥር 10 አመሻሽ ላይ፣ ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርዱ የተነሣ ነው። ከላይ የተናገርኩት የነጭ ልብስ ነገር በሙሉ ልኩ የሚታይበት ፎቶ ነው፤ ከፊት ምእመኑ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ከኋላ ካህናቱ በወርቅ ዘቦ በተጠለፉ ጃንጥላዎች ሥር፣ ከሁሉም በላይ ከሰማያዊ ወደ ብርቱካን እየሄደ ያለ የምሽት ሰማይ። የጨለመው አንድ ስቶፕ ተኩል ያህል ነው ብዬ እገምታለሁ፤ ይህ ደግሞ ለጄፔግ የመዳኛው ዳርቻ ነው።

እዚህ ላይ ሻዶውስ ብቻውን አልበቃም፤ ፊቶቹ በእውነተኛ ጥላ ውስጥ ሳይሆኑ ከነጠላው አንጻር መካከለኛ በሆነው ደረጃ ላይ ተቀምጠዋልና። የሠራልኝ ከርቭስ፣ ማለትም ከጨለማ እስከ ብርሃን ያለውን ደረጃ በአንድ መስመር የሚያስተካክለው መሣሪያ ነው። መስመሩን ከመካከሉ ይዤ ወደ ላይ ሳብኩት፤ ከዚያም በላይኛው ሩብ ላይ ሌላ ነጥብ አስቀምጬ እዚያ ያለውን መስመር ወደ ነበረበት መለስኩት፤ በዚህም ፊቶቹ ሲነሡ የነጠላው ጥለትና ሽመና ሳይቃጠል ቀረ። ነጭ ልብስ አንዴ ከተቃጠለ ውስጡ ያለው ነገር በምንም አይመለስም፤ ጨለማ ውስጥ ጥቂት ነገር ይተርፋል፣ በተቃጠለ ነጭ ውስጥ ግን የሚተርፍ የለም። ስለዚህ በበዓል ፎቶ ላይ ስንሠራ ዓይናችን መኖር ያለበት በምናነሣው ፊት ላይ ሳይሆን በነጠላው ላይ ነው።

ፊቶቹ ዳኑ፣ የጃንጥላዎቹ ወርቅም ወጣ፤ ሰማዩ ግን ተበላሸ። ለስላሳ የነበረው የቀለም ሽግግር እንደ ደረጃ በተደራረቡ ግልጽ መስመሮች ተከፋፈለ። ምክንያቱ ከላይ የጠቀስኩት የ256 ደረጃ ገደብ ነው፤ በጨለማው ሰማይ ውስጥ የነበሩት ጥቂት ደረጃዎች ሲለጠጡ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ለዓይን ታየ። ስናፕሲድ ለዚህ ጥሩ መውጫ አለው፣ ብዙ ሰውም አያውቀውም። ቪው ኤዲትስ በሚለው ውስጥ እስካሁን የሠራናቸው እርምጃዎች በተራ ተደርድረው ይገኛሉ፤ ከርቭስ የሚለውን መርጦ የብሩሹን ምልክት በመንካት፣ ያ እርምጃ እንዲያርፍ የምንፈልግበትን ቦታ ብቻ በጣት መቀባት ይቻላል። ሕዝቡንና ካህናቱን ቀባሁ፣ ሰማዩን ተውኩት። ሰማዩ በነበረበት ሲቆይ ምሽትነቱም አብሮ ቆየ፤ እንዲያውም የጥምቀት ፎቶዎች ብዙ ጊዜ የሚበላሹት ማታን ቀን ለማድረግ በመሞከር ነው።

ሦስተኛው ከጓሳ የመጣ የጭላዳ ፎቶ ነው። ስልኩ በፕሮ ሞድ (ቅንብሩን በእጅ በምናስተካክልበት የካሜራ ሁኔታ) ላይ ስለነበር ያንኑ ቅጽበት በጄፔግም፣ ዲኤንጂ በሚባለው የሮው ዓይነትም አስቀምጦታል፤ ስናፕሲድ ዲኤንጂ ሲሰጡት ዴቨሎፕ የሚባለውን ገጽ ከፍቶ ይቀበላል። ከሰማዩ ብርሃን የተነሣ ወንዱ ጭላዳ ጥቁር ቅርጽ ብቻ ነበር። ጄፔጉን ሳነሣው ጎፈሩ እንደ ተጠቀጠቀ ጭራሮ ሆነ፣ በደረቱ ላይ ያለው ቀይ ባዶ ቆዳም ቡናማ ጠባሳ መሰለ። ዲኤንጂውን አጠቃላይ ብርሃኑን በሚለውጠው ኤክስፖዠርና በሻዶውስ ሳነሣው ግን ጎፈሩ በነፋስ የተከፈለበት ቦታ ዘለላ በዘለላ ተለየ፣ የደረቱም ቅላት ቅላት ሆነ። ኖይዙ ግን በዲኤንጂው ላይ የባሰ ነበር፤ ስልኩ ለጄፔጉ በራሱ የሚያደርገው የኖይዝ ማለዘብ ለሮው ፋይል አይደረግምና። ማከሚያ በሌለው መተግበሪያ ውስጥ ሮው መክፈት ግማሽ መንገድ እንደመሄድ ነው።

ኤችዲአር ስኬፕ የሚባለውን መሣሪያ በተመለከተ ረጅም ነገር መናገር አያስፈልግም። በአንድ ንክኪ ጨለማውን ሁሉ ስለሚያወጣ ሰው ይወደዋል፤ የሚያወጣው ግን የሰው ፊት ላይ እድፍ፣ በተራራው ጠርዝ ላይ የሚያበራ ነጭ ክር፣ በደመናው ውስጥም የሌለ ማዕበል ነው። ከሰው ፎቶ ይራቅ።

ከመሣሪያው ይልቅ ተጠቃሚውን የሚመለከት አንድ ነገር አለ። የጨለመ ፊትን ማውጣት አንድ ነገር ነው፤ ፊትን ማንጣት ሌላ። በከተሞቻችን ባሉ አንዳንድ ፎቶ ቤቶች ሙሽራን ያለ ፈቃዷ ቀይ ዳማ ማድረግ እንደ መስተንግዶ ከተቆጠረ ቆየ። በዘመዳችን ሠርግ ማግስት ከአንድ ስቱዲዮ የመጣውን ትልቅ ፎቶ አክስቴ አገላብጣ አየችና «ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?» ብላ ጠየቀች፤ የገዛ ልጇ ነበረች። ስናፕሲድ በራሱ ይህን አያደርግም፤ ይሁንና ሰሌክቲቭን ከልኩ በላይ የገፋ ሰው እዚያው ይደርሳል። እኔ የምከተለው መለኪያ ቀላል ነው፤ ፊቱን ካነሣሁ በኋላ በዚያው ፎቶ ላይ ብርሃን ያገኘውን የሰውዬውን እጅ ወይም አንገት አያለሁ፤ ፊቱ ከዚያ ከነጣ አብዝቼዋለሁ ማለት ነው። ጠይም ሰው ጠይምነቱን እንደያዘ ብርሃን ሊያገኝ ይችላል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ቆዳውን ማንጣት ሳይሆን በግንባርና በጉንጭ አጥንት ላይ የሚያርፈውን ጥቂት ነጸብራቅ መመለስ ነው።

ከሌሎቹ ጋር ሳነጻጽረው፣ የአዶቤ ላይትሩም የስልክ ስሪት በነጻ ከሚሰጠው ክፍል ብቻ እንኳ ቢታይ ጥላን የሚያነሣበት መንገድ የበለጠ ልስላሴ አለው፤ ኤክስፖዠሩም እስከ አምስት ስቶፕ ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል። ነገር ግን ከካሜራ የመጣ ሮው ማረምና ፊትን ለይቶ በማስክ (በተመረጠ ቦታ ላይ ብቻ) መሥራት የሚገኙት በክፍያ ነው፤ ክፍያውም በየወሩ በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ፣ ለዚያ የሚሆን የባንክ ካርድ ለሌለው የደብረ ብርሃን ወጣት ነገሩ ከበር የተዘጋ ነው። የኮምፒውተሩ ላይትሩም እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ ዲኖይዝ የተባለ የኖይዝ መቀነሻ ተጨምሮለታል፤ በጨለማ የተነሣን የሮው ፎቶ ለማዳን ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላየሁም። በሠርግ ሥራ የሚተዳደር ሰው ዋጋውን ቢከፍል አያስቆጨውም።

ከዋጋ ነጻ ሆኖ ከዚህ ጋር የሚቀራረበው ዳርክቴብል ነው። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ፣ በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ላይ የሚጫን፣ እንደ ስናፕሲድ ሁሉ ኢንተርኔት የማይፈልግ ፕሮግራም ነው። የኖይዝ መቀነሻው በየካሜራው ሞዴልና በየአይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን በሚነቃበት መጠን) አስቀድሞ በተለካ መረጃ ላይ ተመሥርቶ ስለሚሠራ፣ የተነሣን ጥላ ከሞላ ጎደል ንጹሕ አድርጎ ይመልሳል። የጓሳውን ዲኤንጂ ወስጄ በዚያ ስሠራው ፍንጥርጣሪው ጠፍቶ ጎፈሩ ሳይለዝዝ ቀረ፤ ስናፕሲድ ሊደርስበት የማይችል ውጤት ነው። ችግሩ ለጀማሪ መክበዱ ነው፤ ገጹ ሞጁል በሚባሉ ማስተካከያዎች የታጨቀ፣ ስማቸውም ለባለሙያ የተጻፈ ስለሆነ፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ስለሚንቀራፈፍ፣ ትዕግሥት የሌለው ሰው በመጀመሪያው ቀን ይዘጋዋል። ካሜራ ያለውና ሮው ማንሣት የሚወድ ሰው ግን ክረምቱን ሙሉ ቢማረው ይከፍለዋል።

ስለዚህ ፎቶውን በስልክ ለሚያነሣና በቴሌግራም ለሚያካፍል ሰው ስናፕሲድ ይበቃዋል፤ ከአንድ ስቶፕ ያልበለጠ ጨለማን በጥሩ ሁኔታ፣ ሁለት የሚጠጋውን በመቻቻል ይመልሳል፤ ከዚያ በላይ የጨለመውን ጄፔግ ጥቁርና ነጭ ማድረግ ወይም መተው ይሻላል። የጨለመ ፎቶ ሌላ ሰው እንዲያስተካክልላችሁ ስትልኩ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ የተላከው መጠኑ አንሶ እንደገና ስለሚታመቅ በጥላው ውስጥ የነበረው ጥቂት ነገር መንገድ ላይ ይቀራል። ፎቶውን ከማንሣቱ በፊት መድኃኒቱን ማድረግ ለሚችል ደግሞ፣ ፊቱን ስክሪኑ ላይ በጣት ነክቶ የምትመጣዋን የፀሐይ ምልክት ጥቂት ወደ ላይ መግፋት ከዚህ ሁሉ እርማት ይበልጣል፤ ነጭ ለለበሰ ሕዝብ አንድ ስቶፕ ያህል መጨመር ተገቢ ነው።

የተስተካከለውን ፎቶ ለማሳጠብ የምታስቡ ካላችሁ፣ ወረቀት እንደ ስክሪን ከኋላው ብርሃን ስለሌለው የታጠበው ፎቶ ስልኩ ላይ ካያችሁት ጠቆር ብሎ ይወጣል። በደብረ ብርሃን የቀትር ፀሐይ ሥር የስክሪኑን ብርሃን እስከ ጫፍ ከፍቶ ያስተካከለ ሰው ልዩነቱ ይበልጥ ያስደነግጠዋል። የስክሪኑን ብርሃን ወደ ግማሽ አውርዳችሁ፣ ቤት ውስጥ ተቀምጣችሁ አስተካክሉ፤ ፎቶ ቤቱንም ትልቁን ከማዘዛችሁ በፊት አንዲት ትንሽ መሞከሪያ እንዲያወጣላችሁ ጠይቁት። ጠቁራ ከወጣች ቪው ኤዲትስ ገብታችሁ ሻዶውስን ጥቂት መጨመር ነው፤ ኤክስፖርት ተብሎ የወጣው ቅጂ ግን የኋላ እርምጃዎቹን ይዞ አይመጣም።